ሕመምተኛው ራሱ ይጠየቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

የተከበራችሁ ዑለማዎች፣ የመስጊዱ ኮሚቴ አባላት፣ ወንድሞችና እህቶች፣

ስለ ጤና እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ ብዙዎቻችን በቤታችን የምንሸሸውን ጉዳይ መርጫለሁ። ይኸውም የማይድን ደረጃ ላይ የደረሰ ካንሰር ያለበት ሰው የቀረውን ዕድሜ እንዴት ይኑር የሚለው ነው።

በጤና ጣቢያ በሐኪምነት ሳገለግል ልጆች አባታቸውን ውጭ አስቀምጠው ይገቡና «ዶክተር፣ አደራዎን ለአባባ እንዳይነግሯቸው» ይሉኛል። ይህን የሚሉት ከፍቅር የተነሣ ነው። ውጤቱ ግን ሁልጊዜ ፍቅር አይሆንም።

አንድ የሱሉልታ አዛውንት በሽታቸው ተደብቆባቸው ቆየ። ሕመሙ በሌሊት ሲጠናባቸው ልጆቻቸው መኪና ተከራይተው እንጦጦን ሊያሻግሯቸው ሲጣደፉ በመንገድ ላይ አረፉ። በማግስቱ ጀናዛው ሊሰገድበት ሲል ገንዘብ ያለው እንዲናገር ቢጠየቅ ሁለት ሰዎች ተነሡ። ከልጆቹ አንዱም ስለ ዕዳው አያውቅም ነበር። ዕዳ ከውርስ በፊት እንደሚከፈል፣ ወሲያም ከንብረቱ ሲሶ እንደማያልፍ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ታዲያ ሰውየው በራሱ አንደበት የሚናገርበትን ጊዜ ስለ ምን እንነፍገዋለን?

ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታም በጎጃም መንገድ ሕመምተኞቻችን ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ይህ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ሕክምናው ተሞክሮ ካበቃ በኋላ ግን ሕመምተኛው የሚመለሰው ወደ ቤቱ፣ ወደ ሠፈሩ ጤና ጣቢያና ወደ ጀማዓው ነው። የሚታቀደውም እዚያ ነው።

ዕቅዱ አራት ጥያቄዎች አሉት። ስለ በሽታዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ሕመሙ ሲጠና የት መሆን ይመርጣሉ? መናገር ቢያቅትዎ ማን ይወስንልዎ? ያልተፈጸመ ዕዳ፣ አደራ ወይም ወሲያ አለ? መልሱ ተጽፎ አንዱ ቅጂ በቤት፣ ሌላው በጤና ጣቢያ ይቀመጣል፤ ሕመምተኛው ሐሳቡን በለወጠ ጊዜም ይለወጣል። ማወቅ የማይፈልግ ሰው ቢኖር አይገደድም፤ ግን ይህንንም የሚናገረው እሱ ራሱ ነው።

ሕመሙን በተመለከተ፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ የካንሰር ሕመም በደረጃ እንዲታከም፣ ከጠናም በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን እንዲሰጥ መክሯል። ብዙ ሰው ሞርፊን ሱስ ያስይዛል፣ ሞትንም ያፋጥናል ብሎ ይፈራል። ሐኪም ባዘዘው መጠንና ክትትል ሲወሰድ ይህ ፍርሃት ሕመምተኛውን ሊያሠቃየው አይገባም። ሆድ ስለሚያደርቅ ግን ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ሆስፒስ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቁሞ በአዲስ አበባ ሕመምተኞችን በየቤታቸው በመርዳት ይህ ሥራ በአገራችን እንደሚቻል አሳይቷል።

አንዲት የቡራዩ እናት ስንጠይቃቸው «ከእንግዲህ አታንከራትቱኝ፤ ፊቴን ወደ ቂብላ አድርጋችሁ ከልጆቼ ጋር ልሁን» አሉ። ልጃቸው መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠትን ተማረች። በዕዳቸው ላይ ተነጋገሩ፤ ከጎረቤታቸው ጋር ዐውፍ ተባባሉ። ያረፉትም በአልጋቸው ላይ ሸሃዳ እየተባለላቸው ነው።

ማቀድ ተስፋ መቁረጥ አይደለም። አጀል በአላህ እጅ ነው። ሕመምን ማስታገስም ሕክምናን መተው ወይም ሞትን ማስቸኮል አይደለም። ስለዚህ ኮሚቴውን የምለምነው ሦስት ነገር ነው፦ ሕመምተኛን በተራ የሚጠይቁ ሰዎች ይመደቡ፤ በሌሊት መኪና ያለው ሰው ስልኩ ይታወቅ፤ ቤተሰብ ለመናገር ሲቸገርም ኢማማችን አብረው ይቀመጡ።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ይማርልን፤ ፍጻሜያችንንም ያሳምርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።