ጥፋተኛዋ እናት አይደለችም



አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ሲወለድ ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በእናቲቱ ላይ ነው። «ከማን ወለደችው?» ይባላል፤ እርግማን ነው የሚልም አይጠፋም። እኔ ሙያዬ ሒሳብ ነውና ነገሩን በሒሳብ ላስረዳችሁ።

ከእያንዳንዱ ዘረ መል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱን ከእናት፣ ሌላውን ከአባት እንወርሳለን። ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ይባላል። ሜላኒን ከሚሠሩት ዘረ መሎች የአንዱ ቅጂ ቢለወጥ፣ ጤነኛው ቅጂ ሥራውን ይሸፍናል። ስለዚህ ተሸካሚው መልኩ እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ መሸከሙንም አያውቅም። ቆዳን፣ ፀጉርንና ዓይንን የሚነካው አልቢኒዝም የሚመጣው ልጁ የዚያኑ ዘረ መል የተለወጠ ቅጂ ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው።

ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ 25 በመቶ፣ ማለትም ከአራት አንድ ነው። ሒሳቡ በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ አንድ ልጅ ተወልዷልና የሚቀጥሉት ሦስቱ አይኖርባቸውም ማለት አይደለም።

እህቶቼ፣ ልጁ የሚያስፈልገው ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና የዓይን ምርመራ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባም ከሰሌዳው አጠገብ ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ጎረቤት ካለችን ቡና ስንጠጣ ይህንኑ ለባሏም ለአማቷም እናስረዳላት።