እንቅልፍ፣ ንቃትና የሌሊት ፈረቃ



በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በንፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል የሚገኘው የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የመንገደኞች መነሻ ሆነ። መስመሩም በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። እንደዚህ ያለ መስመር ሲታነጽ የሐዲዱ፣ የድልድዩና 25 ሺህ ቮልት የሚሸከመው ሽቦ የጥንካሬ ልክ በቅድሚያ ይሰላል። ይሁን እንጂ ልኩ በንድፍ ወረቀት ላይ የማይሠፍር አንድ ክፍል አለ፤ ይኸውም የነጂው፣ የመስመር ተቆጣጣሪውና የጥገና ሠራተኛው አንጎል ነው። ስለዚህ ክፍል የሚታወቀው ነገር የፈረቃን ድልድል ለሚያወጣ መሐንዲስ ሁሉ ያስፈልገዋል።

እንቅልፍ ለብዙ ዘመን የአንጎል ሥራ መቆም ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ካናጉት ሊቃውንት አንዱ የቪየናው ሐኪም ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በተነሣው የአንጎል ብግነት የሞቱትን ሕሙማን ሲመረምር፣ ያለ ማቋረጥ ያንቀላፉ የነበሩት ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በስተኋላው፣ እንቅልፍ አጥተው የነበሩት ደግሞ በስተፊቱ ተጎድቶባቸው አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ ሞሩዚና ማጉን የተባሉ ተመራማሪዎች በማደንዘዣ የተኛችን ድመት የአንጎል ግንድ በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱ፣ የአንጎሏ ሞገድ ወደ ንቃት ሞገድ መለወጡን ተመለከቱ። ከዚህም የተነሣ ንቃትም ሆነ እንቅልፍ የየራሳቸው ሞተር ያላቸው ሥራዎች መሆናቸው ታወቀ።

የኋለኛው ጥናት እንዳስረዳው የእንቅልፍና የንቃት ነርቮች እርስ በርሳቸው ይገታታሉ። አንደኛው ወገን ሲበራ ሌላውን ያጠፋል። ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም፤ የተለመደው የማብሪያና የማጥፊያ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተገኘው ኦሬክሲን የተባለ ንጥረ ነገር ማብሪያውን በንቃት በኩል አጽንቶ ይይዛል፤ እርሱ የጎደለበት ሰው ግን በጠራራ ፀሐይ በድንገት ያንቀላፋል። እንግዲህ ድካም የበዛበት ሰው ቀስ በቀስ እንደሚደበዝዝ ፋኖስ አይደለም፤ ማብሪያው ሳይታወቀው ለጥቂት ሴኮንዶች ይዞርበታል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ ባቡር ላይ 5 ሴኮንድ ማለት ማንም ሳይመለከተው ያለፈ ከ160 ሜትር በላይ መንገድ ማለት ነው።

ማብሪያውን የሚያዞሩት ኃይሎች በተለይ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የንቃት ዕዳ ነው። ሰው ነቅቶ በቆየ መጠን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍን ይጠራል። ቡና የአዴኖሲንን መቀበያ ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም የንቃትን ነርቮች ይገርፋል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ግን ዕዳው እንዳለ ይገኛል። ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የሥራ ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ፈረቃ የሚገባ ሠራተኛ ከዚህ ልክ የሚደርሰው ሥራ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ኃይል የሰውነት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት በሃይፖታላመስ ውስጥ ተቀምጦ በዓይን በኩል በሚገባው ብርሃን ይቃናል። የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ከንጋት መጀመሩ ከዚህ ተፈጥሮ ጋር የሚስማማ ነው። ንቃት ከሁሉ ይበልጥ የሚወድቀው በግምት ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የሌሊት ሠራተኛ ጠዋት ወደ ቤቱ ሲያመራ ፀሐይ ሰዓቱን መልሳ ወደ ቀን ታቃናበታለች። ቀን ልተኛ ቢልም የልጆች ጫጫታ፣ የጎረቤት ለቅሶና የዕድር ጥሪ አያስተኙትም። ስለዚህ በሁለተኛው ሌሊት ወደ ሥራው የሚገባው የመጀመሪያውን ዕዳ እንደ ተሸከመ ነው።

ድካም ስሜትንም ያውካል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ ለ35 ሰዓት ያህል ሳይተኙ የቆዩ ሰዎች አስከፊ ሥዕል ሲመለከቱ፣ የፍርሃትና የቁጣ መነሻ የሆነው አሚግዳላ ከተኙት ሰዎች በ60 በመቶ ያህል አይሎ ሲሠራ ታይቷል፤ ከሚገራው የፊት አንጎል ጋር የነበረው ግንኙነትም ላልቷል። እንግዲህ ሊነጋ ሲል በሬዲዮ የሚሰማ ቁጡ ቃል ከጠባይ ጉድለት በፊት እንደ መለኪያ ንባብ ሊታይ ይገባዋል። ያንን ሠራተኛ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብቻ መቅጣት፣ ሙቀት ያሳየውን ቴርሞሜትር እንደ መስበር ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2013 በኒው ዮርክ ከተማ አንድ የመንገደኞች ባቡር በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚፈቀድበት ጥምዝ ላይ በ132 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ 4 ሰዎችም ሞቱ። መርማሪዎቹ ነጂው ማንቀላፋቱን አረጋገጡ። ሳይታወቅ የቆየ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚያቋርጥ ሕመም ነበረበት፤ በቅርቡ የተለወጠው ፈረቃም ሕመሙን አባብሶታል። ነጂው ሰነፍ ነበር ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ምርመራው ግን የሐኪም ምርመራንና የፈረቃን ድልድል፣ ባቡሩን በራሱ የሚገታ መሣሪያ አለመኖሩንም ጭምር አነሣ።

የኢትዮጵያ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ለሌሊት ትርፍ ሰዓትም የመደበኛውን ክፍያ 1.75 እጥፍ ያዛል። ሕጉ ለሠራተኛው ድካም ዋጋ ሰጥቷል፤ ገንዘቡ ግን በአንጎል ውስጥ የተጠራቀመውን ዕዳ አያነሣም። ስለሆነም የሚቀረው የመሐንዲሱ ሥራ ነው። የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ከ24 ሰዓት በጥቂቱ ስለሚረዝም፣ ፈረቃ ከጠዋት ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ሌሊት ቢዞር ይቀልለዋል። ተከታታይ ሌሊቶች ቢያንሱ፣ ከፈረቃው በፊት አጭር እንቅልፍ ቢፈቀድ፣ ከባዱ ሥራም ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት ቢያልቅ አደጋው ይቀንሳል። የድልድይ ንድፍ ስሌቱ ሳይመረመር አይፈረምም፤ የፈረቃ ሰንጠረዥም በዚያው ጥንቃቄ ተሰልቶ፣ ኃላፊነት በሚወስድ ባለሙያ ሊፈረም ይገባል።