የኩባንያዎች ሪፖርት ቁጥር መነሻው የአባሉ ማሳ ነው
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ግብዓት አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። ይህ ንግግር የሚያተኩረው ግን ብዙ ጊዜ በማይነሳ፣ ነገር ግን የአባሉን ገበያ በቀጥታ በሚነካ ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም ቡና ገዢ ኩባንያዎች «ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን ተወጥተናል» ሲሉ በየዓመቱ የሚያወጡት ሪፖርት መረጃው ከየት እንደሚሰበሰብና እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በአላስካ ባሕር ላይ ነዳጅ በማፍሰሷ ከፍተኛ የሕዝብ ቁጣ ተነሳ። ከዚህ በኋላ በ1997 ግሎባል ሪፖርቲንግ ኢኒሺየቲቭ የተባለ ድርጅት በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ተቋቁሞ፣ ኩባንያዎች ከሂሳብ ሪፖርታቸው ጎን ለጎን ስለ ሠራተኛ፣ ስለ አካባቢና ስለ ኅብረተሰብ የሚያቀርቡትን ሪፖርት የሚመራ የመጀመሪያ መመሪያ በ2000 አወጣ። በ2022 ደግሞ ለግብርናና ለዓሣ ሀብት ዘርፍ የተለየ መስፈርት አዘጋጅቷል። ድርጅቱ ካስቀመጣቸው መርሆዎች መካከል ትክክለኛነት፣ ምሉዕነት፣ ሚዛናዊነትና ሊረጋገጥ መቻል ይገኙበታል። ሚዛናዊነት ማለት ኩባንያው መልካሙን ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም መግለጽ አለበት ማለት ነው።

ሪፖርቱ የሚታተመው በባሕር ማዶ ቢሆንም ቁጥሩ የሚወለደው በገጠር ቀበሌ ነው። አርሶ አደሩ እሸት ቡናውን ለመፈልፈያ ጣቢያው ሲያስረክብ መዛኙ ኪሎውን መዝግቦ ደረሰኝ ይቆርጣል። የማኅበሩ ጸሐፊ ደረሰኞቹን ደምሮ ለዩኒየኑ ያስተላልፋል። ዩኒየኑም የአባል ማኅበራቱን መረጃ አጠቃሎ የገዢውን ወይም የምስክር ወረቀት ሰጪውን መጠይቅ ይሞላል። ኢንስፔክተር መጥቶ በናሙና የተመረጡ አባላትን ማሳና መዝገብ ያመሳክራል። በመጨረሻም ኩባንያው ከብዙ አገሮች የደረሰውን ደምሮ በመቶኛ ያስቀምጠዋል። ለምሳሌ ስታርባክስ በ2004 የራሱን የቡና ግዥ መስፈርት ጀምሮ፣ በ2015 ከሚገዛው ቡና 99 በመቶው በኃላፊነት የተገዛ መሆኑን ለሕዝብ አስታውቋል። እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር በሺህ በሚቆጠሩ ትናንሽ መዝገቦች ላይ የቆመ ነው።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ሥሩ ላይ የሚፈጠሩ ስሕተቶች ደግሞ የታወቁ ናቸው። አንድ አባል በጎረቤቱ ስም ቡና ሲያስረክብ፣ የጎረቤቱ ማሳ ከሚችለው በላይ ያመረተ መስሎ ይታያል፤ ኢንስፔክተሩም ከውጭ የገባ ቡና አለ ብሎ ይጠረጥራል። አንድ ሰው በሦስት ሥልጠና ላይ ሲፈርም እንደ ሦስት ሰው ይቆጠራል። ከሁሉም በላይ «ይህን ያህል አርሶ አደር ሠለጠነ» የሚለው ቁጥር ተሰብሳቢውን እንጂ ለውጡን አይናገርም። ከሥልጠናው በኋላ ስንቱ ያረጀ ቡናውን ጎነደለ? ምርቱስ ጨመረ ወይ? ይህን የሚመልሰው የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ሳይሆን በየዓመቱ የሚያዝ የማሳ መዝገብ ነው።

መረጃ ከታች ካልመጣ ኩባንያው ቦታውን ባዶ አይተወውም፤ በአማካይ ግምት ይሞላዋል። ከእርሻ የሚወጣውን የካርቦን ልቀት ሲያሰላ እንዲህ ማድረጉ የተለመደ አሠራር ነው። በዚህም ምክንያት ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ በቡናው ላይ የማይጠቀም አርሶ አደር፣ ብዙ ከሚጠቀመው ጋር በአንድ አማካይ ሊቆጠር ይችላል። መዝገብ የሌለው መልካም ሥራ እንዳልተሠራ ይሆናል።

ጉዳዩ ከበጎ ፈቃድ አልፎ ወደ ሕግም ገብቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የለማ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም። ደንቡ የሚተገበርበት ጊዜ ሁለት ጊዜ የተራዘመ ሲሆን፣ ለትልልቅ ኩባንያዎች ታኅሣሥ 30 ቀን 2026 (እ.ኤ.አ.) እንዲሆን ተወስኗል። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማስመዝገብ አለበት፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያውን፣ ከዚያ በታች ለሆነ አንድ ነጥብ። መረጃ ሰብሳቢው ከማሳው ሳይደርስ ነጥቡን በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ቢወስድ የብዙ አባላት ማሳ በአንድ ቦታ ተደራርቦ ይታያል። በጥላ ዛፍ ሥር የሚለማ ቡናም ከሳተላይት ሲታይ ደን ሊመስል ስለሚችል፣ የማሳው ታሪክ በጽሑፍ መያዙ የአባሉ መከላከያ ነው።

ጥቅሙም በገንዘብ የሚታይ ነው። በፌርትሬድ ውል ለተሸጠ ለእያንዳንዱ ፓውንድ ቡና 20 የአሜሪካ ሳንቲም ፕሪሚየም ይከፈላል፤ ከዚህም ቢያንስ 5 ሳንቲሙ ለጥራትና ለምርታማነት መዋል አለበት። 320 ባለ 60 ኪሎ ኬሻ የጫነ አንድ ኮንቴይነር በዚሁ ስሌት ከ8,400 ዶላር በላይ ያስገኛል። የገንዘቡን አጠቃቀም የሚወስነው የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ስለዚህ ኩባንያው በሪፖርቱ የትምህርት ቤት ወይም የጤና ኬላ ፎቶግራፍ ሲያወጣ፣ ግንባታው በኩባንያው ስጦታ ነው ወይስ አባሉ ቡናውን ሸጦ ባገኘው ፕሪሚየም ነው የሚለው ተለይቶ መጻፍ ይኖርበታል።

በመሆኑም የሚከተሉት ተግባራት ትኩረት ይሻሉ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል አንድ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ደረሰኙ፣ የሥልጠና ፊርማውና የማሳ ነጥቡ በዚሁ ቁጥር ይያዝ።

ሁለተኛ፣ አባሉ በራሱ ስም ብቻ ያስረክብ፤ ደረሰኙንም ያስቀምጥ።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ለገዢ የሚልከውን መረጃ ቅጂ በፋይሉ ያስቀር።

አራተኛ፣ ገዢው ያሳተመው ሪፖርት በአማርኛም ሆነ አባሉ በሚናገረው ሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበብ። መረጃው ወደ ላይ እንደሄደ ወደ ታች ካልተመለሰ አባሉ ስለ ራሱ የተጻፈውን ማረም አይችልም።

አምስተኛ፣ የወረዳ ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች የሂሳብ ኦዲት ሲያካሂዱ የአባላት መዝገብንም አብረው ይመርምሩ።

ኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመው አባሉ በሚዛንና በዋጋ እንዳይበደል ነው። ዛሬ አባሉ በመረጃም እንዳይበደል መጠበቅ የዚሁ ዓላማ ቀጣይ ምዕራፍ ነው። ኩባንያው ስለ አርሶ አደሩ የሚጽፈው እውነት የሚሆነው አርሶ አደሩ ስለ ራሱ በትክክል ሲጽፍ ነው።