የእርሻ ሠራተኛን ጤና አስቀድሞ ስለ መጠበቅ



የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሲባል በብዙዎቻችን ልቡና የሚሣለው በፋብሪካ በር ገብቶ መኪናውን፣ የአየሩን መተላለፊያና የሠራተኛውን ጓንት የሚመረምር ሹም ነው። በባሕር ዳር ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥርና በር፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ያለው ስለሆነ ተቆጣጣሪው ወዴት እንደሚሄድ አይቸገርም። እርሻ ግን አጥር የለውም፤ ሠራተኛውም ዛሬ ከጣና ዳር ተነሥቶ ከጥቂት ቀን በኋላ በመተማ ቆላ ይገኛል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ አጥር ስለሌለው የሥራ ቦታ ነው።

እንደሚታወቀው ከፎገራ፣ ከሊቦ ከምከምና በጣና ዙሪያ ካሉት ከሌሎች ወረዳዎች ብዙ ወጣቶች በአረምና በአጨዳ ወራት ወደ ሰሊጥ እርሻ ሲወርዱ ኖረዋል። የሚወርዱትም መሬት ስለ ጠበባቸው፣ ወይም የበሬ መግዣና የዕዳ መክፈያ ፈልገው ነው። ቀን ሰሊጥ ሲያጭዱ ይውላሉ፤ ሌሊት በዋልካው መሬት ላይ፣ ከግራር ሥር ይተኛሉ። የዋልካው ስንጥቅና የግራሩ አካባቢ ግን የአሸዋ ዝንብ መኖሪያ ነው። ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ይህች ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ ስትመጣ ድምፅ የማታሰማ ነፍሳት ናት። በሽታው ትኩሳቱ ይረዝማል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሰውነትን ያከሳል፤ ሕክምና ካላገኘም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

አንባቢ ሆይ፤ ከጣና በስተምሥራቅ በሊቦ ከምከም የሆነውን እናስታውስ። ከ1997 ዓ.ም. ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያ ወረዳ ሰዎች ትኩሳት እየያዛቸው፣ እየከሱ ይሞቱ ጀመር። ካላዛር በዚያ ወይና ደጋ አገር የታወቀ ስላልነበረ ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አላዳነም። በ1997 ዓ.ም. የበሽታው ማንነት ተለይቶ በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ተጀመረ። እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ ከ2,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ከ100 በላይ የሚሆኑትም ሞቱ። በሽታውን ከቆላ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳያውቁት አምጥተውት ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎች ገምተዋል። ከታመሙት መካከል ግን ቆላ ወርደው የማያውቁ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር ነበሩ። እንግዲህ በአንድ እርሻ ላይ የተጓደለ የጤና ጥበቃ ከብዙ መንገድ በኋላ በሌላው ቤት ምድጃ ዳር ሕፃን ሊጥል ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋ ሠራተኛውን እንዲያስረዳና የመከላከያ ዕቃ እንዲሰጥ ያዝዛል። ተቆጣጣሪውም በሥራ ሰዓት፣ አስቀድሞ ሳያስታውቅ ገብቶ እንዲመረምር ሥልጣን ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ሕጉ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሲተረጉም በአካባቢው ያለውንና የሚዛመተውን በሽታ፣ ያንኑ በሽታ ለመከላከል ከተመደቡት ሠራተኞች በቀር፣ አይቈጥረውም። ስለዚህ በማጭድ እጁ የተቈረጠው ሠራተኛ ካሣ መጠየቅ ሲችል፣ በዚያው ማሳ ካላዛር የያዘው ጓደኛው ይህ መንገድ ይዘጋበታል። ካሣው በኋላ የማይመጣ ከሆነ ጥበቃው አስቀድሞ መድረስ አለበት። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከዚህም የተነሣ በእርሻ ላይ የተሰማራ ተቆጣጣሪ የሚመረምረው ማጭዱንና የተባይ ማጥፊያ መርጫውን ብቻ ሊሆን አይገባውም። ሠራተኛው የት ይተኛል? አጎበር አለውን? የሚጠጣው ውሃ ከየት ይቀዳል? ሲታመም ማን ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ1961 ዓ.ም. በእርሻ ስለሚደረግ የሥራ ቁጥጥር ስምምነት ቁጥር 129ን አውጥቷል። በ1993 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 184 ደግሞ ለወቅት የሚቀጠረው ሠራተኛ ከቋሚው ሠራተኛ ጋር የተካከለ የጤና ጥበቃ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ሁለት ወር የሚሠራ ሰው ነፍሱ ዓመት ከሚሠራው አታንስምና።

አሠሪ ሆይ፤ ከግራርና ከመሬት ስንጥቅ የራቀ መጠለያና በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከምርትህ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ጥቂት ነው። ሠራተኛ ሆይ፤ ለሥራ ስትዋዋል ስለ ቀን ምንዳህ ብቻ ሳይሆን ስለ መኝታህም ተዋዋል። ወደ ጣና ዳር ከተመለስህ በኋላ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ቢይዝህ ወደ ጤና ጣቢያ ሂድና «ቆላ ወርጄ ነበር» ብለህ ተናገር። ይህች አንዲት ቃል ለሐኪሙ መንገድ ታሳየዋለች፤ ካላዛር በጊዜ ከታወቀ ይድናልና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና ቤተ ሰብም ታማሚውን አያሳፍረው።

የተቆጣጣሪው መዝገብ በከተማው ቢሮ ቢቀመጥ እንኳ እውነተኛው ምርመራ የሚፈጸመው ከግራሩ ሥር፣ ሠራተኛው ራሱን በሚያስጠጋበት ስፍራ ነው። እዚያ የደረሰ ተቆጣጣሪ የቆላውን አጫጅና በጣና ዳር የሚጠብቁትን ልጆቹን አብሮ ይጠብቃል።