የበጋ ፀሐይና ቤታችን



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት ነው። ስለ ቤት ስናስብ ብዙ ጊዜ የምንፈራው ዝናብን ነው። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ጎርፍ ሲገባ እንጨነቃለን። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን ጭንቀቱን እንረሳዋለን። ይህ ልክ አይደለም። ቤትን የሚጎዳው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ፀሐይም ትጎዳዋለች። ከዚህም ሌላ በጋ የቤትን ጉድለት ይደብቃል። በበጋ ደረቅ ቤት ሁሉ ደህና ይመስላል። ስለዚህ ቤት የሚጠግንም፣ የሚገዛም፣ የሚሸጥም ሰው የበጋን ጠባይ ማወቅ አለበት።

ፀሐይ ቤትን እንዴት ትጎዳለች?

እስቲ ከግድግዳው እንጀምር። በጭቃ ምርጊት ውስጥ ውኃ አለ። ፀሐይ ስትመታው ውኃው ይወጣል። ጭቃው ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ትንሽ ሲሆን ምንም አይመስልም። ነገር ግን ተባይ ይራባበታል። ክረምት ሲመጣም ውኃ ይገባበትና ማገሩን ያበሰብሰዋል።

እንጨትም እንዲሁ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጠባል፤ ይጣመማል። በእርጥብ እንጨት የተሠራ በር በመጋቢት ፀሐይ ተሰንጥቆ የምናየው ለዚህ ነው።

የቆርቆሮ ክዳን ደግሞ ቀን ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ማታ ማታ ጣሪያው ሲንቋቋ ትሰሙ የለም? ድምፁ የዚህ ነው። በየቀኑ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ምስማሩ ይላላል፤ ቀዳዳውም ይሰፋል። ቀዳዳው በበጋ የተከፈተ ነው፤ እኛ ግን የምናውቀው ሐምሌ ላይ ሲያንጠባጥብ ነው።

ምስጥም አለ። ምስጥ ፀሐይና ደረቅ አየር አይወድም። ስለዚህ በግድግዳውና በምሰሶው ላይ የአፈር መንገድ እየሠራ፣ በዚያ ውስጥ ተሸሽጎ ይወጣል። ምሰሶው ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ ሆኗል።

ከሁሉ የከፋው እሳት ነው። በበጋ የሣር ክዳን ይደርቃል፤ ነፋስም ይበረታል። ከምድጃ የተነሣች አንዲት ፍንጣሪ ቤቱን ከነእህሉ ልታጠፋው ትችላለች። ያልጠፋ አመድ ከቤት አጠገብ አይደፋ። የጭድ ክምር ከቤት ይራቅ። ውኃ የሞላ እንስራ ወይም በርሜል በደጅ አይጥፋ።

መቼና እንዴት እንጠግን?

ሣር ለክዳን የሚታጨደው ክረምቱ አልፎ፣ ሰንበሌጡ ጎልምሶ ሲደርቅ ነው። እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ጊዜ ይገኛል። ከጥር ጀምሮ እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለጥገና የተመቸ ነው። በአካባቢያችሁ የበልግ ዝናብ የሚዘንብ ከሆነ ግን ከበልጉ በፊት ጨርሱ።

ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር በደንብ አቡኩት። ለጥቂት ቀናት ውኃ እየጨመራችሁ እርገጡት። ጭዱ ጭቃውን አስተሳስሮ ስለሚይዘው ስንጥቁ ያንሳል። በቀትር ፀሐይ አትምረጉ። ጠዋት ወይም ፀሐይ ስትበርድ ይሻላል። ከመምረጋችሁ በፊት የድሮውን ግድግዳ ውኃ እርጩት። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁ ሲታይ፣ ስንጥቁን ደፍናችሁ ሁለተኛውን ለስኑት።

የምስጡን የአፈር መንገድ ባያችሁ ቁጥር አፍርሱት። የምሰሶውን ሥር በየጊዜው ቆፍራችሁ እዩ። አዲስ ቤት ስትሠሩ እንደ ጽድና ወይራ ያለ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ከተገኘ ለምሰሶ ይሁን። በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ አካባቢ የሚኖሩ ዶርዜዎች ከቀርከሃ የሚሠሩት ቤት ሲጀመር እስከ 12 ሜትር ሊረዝም ይችላል። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ይጥላሉ። ቤቱ እያጠረ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ይወስዱታል። ዶርዜዎች ቤቱ እስኪወድቅ አይጠብቁም።

የቆርቆሮ ቤት በቀን በጣም ይሞቃል። ትይዩ የሆኑ 2 መስኮቶች ካሉ ነፋስ ያልፋል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ቢደረግ ሙቀቱ ይቀንሳል። ለኮርኒስ ንጹሕ ጆንያ ሰፍቶ መወጠርም ይቻላል። ከቤቱ ራቅ ብሎ በምዕራብ በኩል የተተከለ ዛፍ የከሰዓትን ፀሐይ ይከላከላል።

ይህ ሁሉ ሥራ ለአንድ ሰው ይከብዳል። በደቦ ግን ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል።

ቤት ስትገዙ

እህል ከተሸጠ በኋላ ገንዘብ በእጅ ይገኛል። መንገዱም ደረቅ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ቤት የሚገዛው በበጋ ነው። በአንጻሩ በክረምት የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ የቸገረው ነው። ታዲያ በበጋ የሚገዛ ሰው ቤቱን በክረምት ዓይን ማየት ይኖርበታል።

ቀትር ላይ ወደ ቤቱ ግቡ። በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። በቆርቆሮው ላይ እንደ ኮከብ የሚያበራ ነጥብ ካያችሁ ያ ቀዳዳ ነው። በግድግዳው ላይ የውኃ ዱካ ፈልጉ። አዲስ ምርጊት ካያችሁ ምን እንደሸፈነ ጠይቁ። የምሰሶውን ሥር በቢላ ውጉት፤ ቢላው በቀላሉ ከገባ ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል። በደጁ ውኃ አፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ከሁሉ በላይ ጎረቤቱን ጠይቁ። «በነሐሴ ጎርፉ በየት ያልፋል?» በሉት። ጎረቤት ያውቃል።

የሚሸጥ ሰውም ጉድለቱን ጠግኖ ይሽጥ፤ ያልጠገነውን ደግሞ ይናገር። ሻጭና ገዢ በኋላ በዳኛ ፊት ከሚቆሙ አስቀድመው ቢተማመኑ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ውሉን ራሳችሁ አንብቡ

አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህን ይደነግጋል። ነገር ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራው ቤት ንብረቱ ነው። ስለዚህ ቤት ስትገዙ የሻጩን የይዞታ ደብተር አይታችሁ ስሙን አንብቡ። የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አለመሆኑን እወቁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል። ተዋዋዮቹ ይፈርማሉ፤ 2 ምስክሮችም ይፈርማሉ። ቀድሞ ብዙዎቻችን የማናውቀው ጽሑፍ ይነበብልንና አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን እናትም ነበር። ምን እንደተጻፈ የምናውቀው ያነበበልን ሰው እንደነገረን ያህል ነበር። ዛሬ እናንተ ማንበብ ችላችኋል። የዋጋውን አኃዝ፣ ቀኑን፣ የሻጩንና የገዢውን ስም ራሳችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ካለ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ማፈር አያስፈልግም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

እንግዲህ ሰማዩ ጠራ ብለን አንዘንጋ። ክረምቱ ቤታችንን ይፈትነዋል፤ ለፈተናው የምናዘጋጀው ግን አሁን፣ በበጋው ነው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. የቆርቆሮ ምስማር በበጋ ለምን ይላላል?
2. በበጋ ቤት የሚገዛ ሰው ምን ምን ማየት አለበት?
3. በእናንተ አካባቢ ምስጥን የምትከላከሉት እንዴት ነው?
4. የቤት ሽያጭ ውል በቃል ብቻ ቢሆን ምን ችግር ያመጣል?