ቀይ ወይን አንዳንዱን ሰው ራሱን የሚያሳምመው ለምንድን ነው?

(በሬዲዮ የቀረበ የጤና ንግግር)

 

«ቢራ ስጠጣ ደህና ነኝ፤ አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን ግን ራሴን ይፈልጠኛል፤ ለምንድን ነው?» ይህ በየሠርጉና በየክርስትናው የሚነሣ ጥያቄ ነው። አገር ቤት ጉደር ወይም አክሱሚት ሲከፈት አንዱ ሦስት ብርጭቆ ጠጥቶ ይጨፍራል፤ ሌላው በአንዱ ብርጭቆ ግንባሩን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። «ያስመስላል» እያሉ ይስቁበታል። ሰውየው ግን አላስመሰለም። ሕመሙ የሚጀምረው ከጠጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ብዙ ጠጥተው ሲያድሩ ጠዋት ከሚመጣው ራስ ምታት የተለየ ነው።

ነጭ ወይን የሚሠራው ከጭማቂው ነው፤ ልጣጩ ቶሎ ይወጣል። ቀዩ ግን ከነልጣጩና ከነፍሬው ይብላላል። ቀለሙም፣ አፍን የሚያኮማትረው ጣዕሙም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ልጣጩ ውስጥ መፈለግ ተገቢ ነው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን የሚጥለው ወይኑ እንዳይበላሽ በሚጨመረው ሰልፋይት ላይ ነው። ሰልፋይት አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል፤ ነገር ግን በነጩ ወይንም አለ፣ ብዙ ጊዜም ከቀዩ ይበልጣል። በደረቀ ሚሽሚሽ ውስጥ ያለው ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ ነው። ሚሽሚሽ በልቶ ራሱን የማያመው ሰው ወይኑን በሰልፋይት ባይከስ ይሻላል። ሌላው ተጠርጣሪ ሂስታሚን ነው፤ ከነጩ ይልቅ በቀዩ ይበዛል፣ ሂስታሚንን በሚገባ መሰባበር የማይችል አካል ያላቸውም ሰዎች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2023 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሌላ ምክንያት አቀረቡ። አልኮል በጉበት ውስጥ መጀመሪያ ወደ አሴታልዲሃይድ ይለወጣል። ይህ መርዝ ነው፤ ፊትን ያቀላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ራስን ያማል። ቀጥሎ አንድ ኢንዛይም ይህን መርዝ ወደማይጎዳ ነገር ይቀይረዋል። በወይን ልጣጭ ውስጥ ኩዌርሴቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ፍሬው ፀሐይ በመታው መጠን ይበዛል። ኩዌርሴቲን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ ያንን ኢንዛይም ያዘገየዋል፤ መርዙም ይከማቻል ነው የሚሉት። ሙከራው የተደረገው በቤተ ሙከራ ዕቃ እንጂ በሰው ላይ አልነበረም። ቢሆንም፣ ማይግሬን ያለበት ሰው በትንሽ ወይን ለምን እንደሚታመም ለማስረዳት ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒት ከመፈለግ ቀዩን ቢተው ይቀለዋል።

አሁን ወደ ካርቱም እንምጣ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የኒሜሪ መንግሥት መጠጥ ከለከለ፤ ጠርሙሱም ወደ ዓባይ ተደፋ። ከዚያ በኋላ የብዙው ጠጪ መጠጥ በየቤቱ የሚወጣው የተምር ዓረጊ ሆነ። በ1991 በወጣው ሕግ ጠጥቶ የተገኘ ሙስሊም 40 ግርፋት ይቀጣ ነበር፤ ጠምቀው በመሸጣቸው በኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት የታሰሩ እናቶችም ብዙ ነበሩ። በ2020 ሕጉ ሙስሊም ላልሆኑት ተሻሻለ። የመደበቅ ልማዱ ግን አብሮን ቆይቷል፤ ሐኪም ፊትም ጭምር።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዓረጊ ጠጥቶ ራሱን ያመመው ሰው የወይን ልጣጭ አላመመውም። መጠጡ እንዲበረታ ወይም እንዲበዛ ሲባል ሜታኖል፣ ማለትም ለፋብሪካ ሥራ የሚውል አልኮል፣ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ሜታኖል በሽታውም በጣዕሙም ከመጠጥ አልኮል አይለይም፤ በእሳት ለኩሶ ማየትም አያስተማምንም። ምልክቱ ዘግይቶ ይመጣል። ሰውየው ደህና ተኝቶ ያድርና ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ዓይኑ በጭጋግ ውስጥ እንደሚያይ ይሆናል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ዓይን ከደበዘዘ ደቂቃም አትጠብቁ። የሚታወር ሰው አለ፤ የሚሞትም አለ። ማርከሻውና የደም እጥበቱ በሐኪም ቤት የሚሰጥ ነው። «እሾህን በእሾህ» ብሎ በዚያው ዓረጊ ማርከስ መርዙን መጨመር ነው። አብረውት የጠጡትም፣ ምንም ባይሰማቸው እንኳ፣ አብረው ይሂዱ።

ሁለተኛው የሚያሳስተን ወባ ነው። ትናንት የጠጣ ሰው ዛሬ ራሱን ሲያመው «የመጠጡ ነው» ብለን እናስተኛዋለን። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለ ግን የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ከ2023 ወዲህ በካርቱም የዴንጊ ትኩሳትም ታይቷል፤ ከዓይን ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም አለው። ስለዚህ ትኩሳት ላለበት ሰው አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትስጡ፤ ዴንጊ ከሆነ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ፓናዶል ይሻላል፤ ብዙ ለሚጠጣ ሰው ግን ጉበት ስለሚጎዳ ከታዘዘው መጠን አይለፍ።

በአካባቢያችሁ ወደሚሠራው ጤና ተቋም ስትደርሱ ለነርሷ አራት ነገር ንገሯት፦ ምን እንደጠጣ፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ ከእነማን ጋር። የተረፈ መጠጥ ካለ ከነዕቃው ይዛችሁ ሂዱ።