ያልተነገረ አስተራረፍ

የዛሬ ተመራቂ የሄሊኮፕተር አብራሪዎች፣ የማነሣላችሁ ጉዳይ አንድ ነው፦ በኃይል ያረፈ አብራሪ ዝም ማለት የለበትም።

በሥልጠና ላይ በኃይል ማረፍ ለምን እንደሚያጋጥም ታውቃላችሁ። በአውቶሮቴሽን ልምምድ ሞተሩ የጠፋ ያህል ይቆጠራል፤ ሮተሩን የሚያዞረው ከታች ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር ነው። ተማሪው ወደ መሬት ሳይቃረብ የሮተሩን ክንፎች በአንድነት የሚያዘነብለውን ማንሻ፣ ኮሌክቲቩን፣ ካነሣ የሮተሩ ዙር ይደክማል፤ ሄሊኮፕተሩም የቀረውን ከፍታ በመውደቅ ይጨርሰዋል። ለማሠልጠኛ በብዛት የሚያገለግለው ሮቢንሰን አር 22 ሮተሩ ቀላል በመሆኑ ስሕተትን የሚታገሠው ለአጭር ጊዜ ነው። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በ1995 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሞዴልና ለአር 44 ልዩ ሥልጠና ያስገደደው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ ተማሪ በኃይል ቢያርፍ ነውር የለበትም። ነውሩ፣ ሰው ስላልተጎዳ ብቻ ሄሊኮፕተሩን «ደህና ነው» ብሎ ማስረከብ ነው። የጅራቱና የማርሽ ሳጥኑ ማያያዣዎች የተቀበሉት ምት በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ቀጥሎ የሚበረው ሰው ነው።

ያልተዳረሰ ማስጠንቀቂያ ምን እንደሚያስከፍል አንድ አደጋ ይመስክር። ዲሴምበር 1 ቀን 1974 የቲደብሊውኤ በረራ 514 ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው የደለስ አየር ማረፊያ ሲቃረብ ከተራራ ተጋጭቶ በውስጡ የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከአደጋው 6 ሳምንት በፊት የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች ከዚያው ተራራ ለጥቂት ተርፈው ነበር። ለመሥሪያ ቤታቸው ተናገሩ፤ ወሬው ግን ለሌሎች አየር መንገዶች አልደረሰም። በ1976 እ.ኤ.አ. ናሳ የሚያስተዳድረው የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት የተቋቋመው ከዚህ ሐዘን ተምሮ ነው።

«ጥፋተኛ ካልተቀጣ ቸልተኝነት ይበዛል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ይሁንና ያ ሥርዓት ወንጀልንና ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋትን አይከልልም፤ ከቅጣት የሚጠብቀው ሳያስበው ስቶ በ10 ቀን ውስጥ ሪፖርት ያደረገውን ነው። ቅጣት ብቻውን ከጥንቃቄ ይልቅ መደበቅን ያስተምራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ልጆቻችንን እናሳድጋለን፤ ልጁ ጥፋቱን ሲናገር ግን ፊት እንነሣዋለን። መምህራን፣ ይህን እናንተም እኛ ወላጆችም እንተው።

ተመራቂዎች ሆይ፣ በኃይል ካረፋችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ በመዝገብ ጻፉ፤ የጥገና ባለሙያ ሳያየው ማንም እንዳያስነሣው አድርጉ። ማዕረጋችሁን የሚያጸናው ይህ ነው።